ሰላምታ የማያነብ ወረፋ

ሚዛን ተፈሪ ውስጥ እሸት ቡና ለሚሰበስብ ማኅበር የመልእክት ሠራተኛ ነበርኩ። ከየመሰብሰቢያው ጠዋት ጠዋት አጭር መልእክት በስልክ ይመጣል፤ ኮምፒውተሩ እንደ አመጣጣቸው ያሰልፋቸውና የጆንያውን ቁጥር አንብቦ ለሾፌሮች ያስተላልፋል። ማንበብ ያልቻለውን ወደ ጎን ይጥላል። የተጣለውን ማየት የእኔ ሥራ ነበር። አላየሁም። መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ባጃጆች ጭቃ ሲረጩ እያየሁ ግጥም እሞክር ነበር።

አንድ ቀን በማለዳ የሸኮው መሰብሰቢያ ኃላፊ ደወሉ። ልጆቻቸውን በቡና ያሳደጉ፣ ድምፃቸው ከስልኩ አልፎ ክፍሉን የሚሞላ ሴት ናቸው።

«ልጄ፣ ትናንት መኪና ሳትልክ ቀረህ። ቡናው ጆንያ ውስጥ ሞቆ ኮመጠጠብኝ።»

«እትዬ፣ መልእክት አልላኩማ!»

«ልኬያለሁ እንጂ! ዛሬም ልኬያለሁ።»

የተጣሉትን ከፈትኩ። «እንደምን አደርክ ልጄ። እዚህ ሲዘንብ ነው ያደረው፣ እናንተ ጋስ? ሰውነትህ ደህና ነው? 40 ጆንያ አለ።» ኮምፒውተሩ ከቁጥር የሚጀምር መልእክት ነበር የሚጠብቀው። እሳቸው ደግሞ እስከዚያ ድረስ ይደውሉ ስለነበር መልእክት ሲልኩ ገና ሁለተኛ ቀናቸው ነው።

«እትዬ፣ ቁጥሩን ብቻ ይላኩ።»

«ሰው ቤት ገብቶ ሰላም ሳይል ‹አርባ› ይላል እንዴ? አሳዳጊ የለህም?»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። «ገበሬው አንዴ ይምረኛል። ሁለተኛ ከኮመጠጠ ግን ለሌላ ነው የሚሰጠው።»

የዚያን ዕለቱን መልእክት በእጄ አስተላለፍኩ። ቁጥር ብቻ እንዲልኩ ማስገደድ ግን አልሆነልኝም፤ መልእክታቸውን ወድጄዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ለኮምፒውተሩ አዲስ ደንብ ጻፍኩለት፦ ቃላቱን ዝለል፣ መጀመሪያ ያገኘኸውን ቁጥር ያዝ። ኮራሁ።

በማግስቱ ሾፌሩ ከሸኮ ደወለ።

«ባለቅኔው! ሁለት ጆንያ ብለህ በፒካፕ ላክኸኝ። እዚህ የተከመረው እኮ ተራራ ነው። ልሸከመው?»

መልእክቱን አየሁ። «እንደምን አደርክ። 2ቱም የልጅ ልጆቼ አተኩሷቸው ነበር፣ ዛሬ ተሽሏቸዋል። 45 ጆንያ አለ።» መኪና የታዘዘው ለልጆቹ ነበር።

ፀሐይዋ በርትታለች። ወደ ቴፒ ያለፈውን የማኅበሩን ትልቅ መኪና በልመና አስመለስኩና እኔም በሚኒባስ ወደ ሸኮ ሄድኩ። ስደርስ መኪናው ቆሟል፤ እትዬ ግን ገና «ጫኑ» አላሉም። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ጆንያ ውስጥ ከተው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እኔም ከጎናቸው እጄን ከተትኩ።

«ቀዝቃዛ ነው፣ እትዬ።»

«አንተ ምን ታውቃለህ!» ብለው ሌላውን ሞከሩ። ከዚያም ሌላውን። በመጨረሻ እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«ጫኑ!»

ጉቶ ላይ ተቀመጥኩ። ስልኬን አውጥቼ ደንቡን ማረም ስጀምር መጥተው ቁልቁል አዩኝ።

«ምን ትጽፋለህ?»

«ኮምፒውተሩ ‹ጆንያ› ከሚለው ቃል በፊት ያለውን ቁጥር ብቻ እንዲይዝ ነው። ሌላውን እንደፈለጉ ይጻፉ፣ እኔ አነበዋለሁ።»

ትንሽ አሰቡ።

«‹ኬሻ› ያልኩ ቀንስ?»

ኬሻንም ጨመርኩ።