ውኃ ሥር የነበረው ድንበራችን

ልጅ እያለሁ በጥቅምት ወር እርሻችን ሐይቅ ነበር። ቤታችን ከዘንዘልማ ወደ ጣና ዝቅ ብሎ ነው። ክረምቱ ካለፈ በኋላም ውኃው መሬታችንን ሸፍኖ ይቆያል፤ በኅዳር መሸሽ ሲጀምር አባቴ እግር በእግር እየተከተለ ጭቃው ላይ ሽምብራ ይዘራል። እኛ ልጆች ያልተዘራው ዳር ላይ ሰኞ ማክሰኞ እናሰምራለን። የዚያ ጭቃና የደንገል ሽታ እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልጠፋም።

በደርግ ጊዜ፣ አራተኛ ክፍል ሳለሁ፣ የሐይቁን ዳርቻ ካርታ የሚያነሱ ሰዎች መጡ። የመጡት በጥቅምት ነው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ደግሞ ካርታው ላይ ውኃ የተባለ ቦታ ለማንም አይደለደልም ብሎ ነበር። ሌላ መሬት አልነበረንም። እናቴ ከመንግሥት ሰው ጋር መከራከር ውኃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ነው ብትለውም አባቴ አልሰማትም። ግትር ነበር፤ እኔም የወጣሁት እሱን ነው።

ባለሙያው ባለሦስት እግር መሣሪያውን ተክሎ በመነጽሩ ሲያይ ቆየና፣ የሚጽፈው የሚያየውን ብቻ እንደሆነ፣ የሚያየውም ውኃ እንደሆነ ነገረው።

«ጓድ፣ የመጡት ውኃው ቤቱ ባለበት ጊዜ ነው» አለው አባቴ። «በጥር ቢመጡ እዚችው ላይ ቁጭ ብለው እሸት ይበሉ ነበር።»

ከዚያ ቀይና ነጭ የተቀባውን የመለኪያ ዘንግ ተቀብሎ ከነልብሱ ገባ። የድንበር ድንጋዮቻችንን በእግሩ እየዳበሰ ይፈልጋል፤ ሲያገኝ ዘንጉን ድንጋዩ ላይ ያቆማል፣ ባለሙያው አይቶ ይጽፋል። ሦስቱን ቶሎ አገኘ። አራተኛው ላይ ውኃው አገጩ ደረሰ። አባቴ ዋና አይችልም ነበር። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ቆመች፣ እኔ አለቀስሁ። በመጨረሻ ዘንጉ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«በቃ፣ አየሁት፤ ይውጡ አባቴ» አለ ባለሙያው።

ካርታው ላይ እርሻችንን በተቆራረጠ መስመር ከብቦ አሳየን። ወቅት እየጠበቀ ውኃ የሚሸሽለት መሬት ማለት ነው አለን። ሊቀመንበሩም ከዚያ ወዲህ ነገሩን አላነሳብንም። በጥር እሸት በላን።

ዛሬ ባሕር ዳር ቁጭ ብዬ ካርታ በስልኬ እከፍታለሁ። ፈጣን ነው፣ የማንም ልብስ አይርስበትም። ያ ቦታ ግን ሰማያዊ ብቻ ነው፤ የተቆራረጠ መስመር የለበትም። አባቴ ካረፈ ቆየ፤ ይናፍቀኛል። ድንጋዮቹ የት የት እንዳሉ የማውቀው አሁን እኔ ብቻ ነኝ። አራተኛው ያለበት ውኃ ጥልቅ ነው፣ እኔም እንደ አባቴ ዋና አልችልም። እሱ ግን ገብቶ ነበር።