የባሬላው ሁለት ጫፍ

ያንን የቀበሌ ሊቀመንበር እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም፤ እንድልም አትለምኑኝ።

በደርግ ጊዜ ድሬዳዋ ተማሪ ነበርኩ። ከተማዋን ለሁለት የሚከፍለው ደቻቱ፣ ጎርፍ ካልመጣ በቀር ውሃ የማያውቅ የአሸዋ ወንዝ ነው። ትምህርት ቤታችን ዳሩ ላይ ስለነበር ከሁለቱም በኩል ያሉ ልጆች ይማሩበታል። ቅዳሜ ሲሆን ታዲያ የእኛ ሰፈር የከዚራና የማዶው የመጋላ ልጆች አሸዋው ላይ ወርደው በድንጋይ ይፈነካከታሉ። ታላቅ ወንድሜም አይቀርም ነበር። አባታችን የባቡር ሠራተኛ ስለነበር የወንድሜ ምኞት ባቡር መንዳት ብቻ ነበር፤ እናቴ ግን እስከዚያ በሕይወት መቆየቱንም ትጠራጠር ነበር።

የእጅ ሥራ መምህራችን መላ ዘየደ። ጎርፉ የትምህርት ቤቱን አጥር እየበላው ስለነበር ተማሪዎች የድንጋይ ግንብ እንዲሠሩ ቀበሌውን ለምኖ በጀት አስፈቀደ። ለአካፋ፣ ለሲሚንቶ፣ ለባሬላ፣ ከሥራ በኋላ ለሚበላ ዳቦና ሻይ። ባሬላ እንደ ቃሬዛ ነው፤ ሁለት ሰው ከፊትና ከኋላ ይዞ ድንጋይ ያመላልስበታል። መምህሩ አንዱን ጫፍ የከዚራ ልጅ፣ ሌላውን የመጋላ ልጅ እንዲይዝ አዘዘ።

ወንድሜ ከዚያ በፊት ግንባሩን ፈንክቶት ከነበረ የመጋላ ሶማሌ ልጅ ጋር ተጣመረ።

“ዋሪያ፣ ቀስ በል አቦ! እግሬን ልትሰብረው ነው?” ይላል ወንድሜ።

“አንተ ነህ የምትጎተተው አቦ!”

ግን ባሬላ ይዞ መጣላት አይቻልም፤ አንዱ ከለቀቀ ድንጋዩ የሁለቱንም እግር ይቀጠቅጣል። ውሎ አድሮ ሁለቱ ሻይ ከአንድ ኩባያ መጠጣት ጀመሩ። ቅዳሜ አሸዋው ላይ የሚታየው ኳስ ብቻ ሆነ፤ እናቴም በር ላይ ቆማ መጠበቋን ተወች።

ይሄኔ ጓድ ሊቀመንበር መጣና ሰበሰበን። “ድብድቡ ቆሟል፤ ታዲያ በጀቱ ምን ያደርጋል?” አለ። በሽተኛው ተሻለው ብሎ መድኃኒቱን የሚደፋ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፤ ካኪ ለብሶ ነበር። ገንዘቡ ለአብዮት በዓል ቀይ ጨርቅና ለኪነት ቡድኑ ዋለ። ይባስ ብሎ ሥራውን የሶሻሊስት ውድድር አደረገው። የከዚራ ልጆች ከአንድ በኩል፣ የመጋላ ልጆች ከሌላ በኩል ይገነባሉ፤ የበለጠ ቀይ ባንዲራ ይሸለማል።

መምህሩ ተነሣ። “ጓድ፣ እባክዎ አይለያዩዋቸው። ድንጋዩ እጃቸው ላይ ነው።”

“ተቀመጥ፣ አድኃሪ!”

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዳቦ የለም፣ ሻይ የለም። ፀሐዩ አናት ይበሳል። “ድንጋያችንን ሰረቃችሁን” የሚል ጩኸት ተሰማ፤ ማን እንደጀመረው አላውቅም። ድንጋዩ እንደሆነ በመንግሥት ትእዛዝ ተከምሮ ተዘጋጅቷል! ውሃ ይዤ ስደርስ ወንድሜ ፊቱን ይዞ ተንበርክኳል፤ በጣቶቹ መሃል ደም ይወርዳል። የሶማሌው ልጅ ከማዶ እየሮጠ መጣ፤ ሸሚዙን አውልቆ ቁስሉን አሰረለት። ባሬላው ላይ አስተኛነውና እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ይዘን ሐኪም ቤት አደረስነው። የግራ ዓይኑን ግን ማዳን አልተቻለም።

ሊቀመንበሩ ቤታችን ድረስ መጣ። ለጥየቃ መስሎን ነበር። “የከዚራ ልጆች አሸንፈዋል፤ በበዓሉ ባንዲራውን የሚይዘው ጀግናው ልጃችሁ ነው” አለን።

“ባቡር ለመንዳት ሁለት ዓይን ይጠይቃሉ፣ ጓድ” አለ አባቴ፣ ቀና ብሎ ሳያየው።

“አብዮቱ ሌላ ሥራ አያጣለትም።”

እንቢ ያለ የት እንደሚገባ እናውቅ ነበር። በበዓሉ ቀን ወንድሜ ዓይኑ እንደታሸገ ባንዲራውን ይዞ ከሰልፉ ፊት ሄደ። በግራው በኩል ስለማያይ መስመሩን ሲስት ካድሬው በክርኑ እየገፋ ይመልሰዋል። በፊታችን ሲያልፍ ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ካድሬዎቹም የማያጨበጭበውን ይፈልጉ ነበር። እናቴ አጨበጨበች።