ታጥቦ የሚጠብቀኝ ሳህን

ይህ የደረሰብኝ በኮሮና ጊዜ፣ ለአረጋውያን ክትባት መሰጠት እንደተጀመረ፣ በረዶው ገና ሳይቀልጥ ነው። እስከ ዛሬ ያልረሳሁት፣ አውቃለሁ ባልኩበት ነገር ስለተዋረድኩ ነው።

እዚህ ካልጋሪ ከተማ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ እሠራለሁ። ሰኞ ሰኞ ነዋሪዎቹን ሚዛን ላይ እያወጣሁ ክብደታቸውን እመዘግባለሁ። አንዱ ሁለት ኪሎ ከቀነሰ ነርሷ ዘንድ የምሮጠው እኔ ነኝ።

አባቴ ብቻቸውን ማርቲንዴል የሚባል ሰፈር ይኖራሉ። ከሥራ ቦታ በሽታ ይዤባቸው እንዳልሄድ ፈርቼ ለወራት ከበራቸው አላለፍኩም። ቅዳሜ ቅዳሜ የሳምንት ወጥ ሠርቼ ደጃፉ ላይ አስቀምጣለሁ፤ እሳቸው ካፖርት ደርበው በመስኮት እጃቸውን ያውለበልባሉ። ያለፈው ሳምንት ሳህን ሁልጊዜ ታጥቦ ይጠብቀኛል። «የኔ አባት እንደሆኑ ጥርግ አድርገው ነው የሚበሉት» እያልኩ ለጓደኞቼ ጉራዬን እነዛ ነበር።

የክትባቱ ቀን ሁለታችንም ማስክ አድርገን፣ የመኪናውን መስኮት ከፍቼ ወሰድኳቸው። ክትባት የምትሰጠው ነርስ እጅጌያቸውን እንዲሰበስቡ ነገረቻቸው። ካፖርቱን አወለቁ፤ ከሥሩ ሹራብ። ሹራቡን አወለቁ፤ ሌላ ሹራብ። በመጨረሻ ክንዳቸው ወጣ።

ድንጋይ ሲጠርብ የኖረ ክንድ፣ ቆዳና አጥንት ብቻ ቀርቷል! ነርሷ መርፌውን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ራሴ የነዋሪዎቻችንን ልጆች የማይበት ዓይን ነው።

ቤት ስንደርስ ፍርሃቴን ትቼ ተከትያቸው ገባሁ። ፍሪዘሩን ብከፍተው፣ የራሴ ወጥ በላስቲክ በላስቲክ እየታሰረ እስከ አፉ ሞልቷል።

«አባዬ፣ ምንድን ነው ይሄ? ኮል ባደረግኩ ቁጥር በልቻለሁ አይሉኝም ነበር?» ብዬ ጮህኩ።

«ብቻዬን አይወርድልኝም፣ ልጄ። እቀምስና እተወዋለሁ።»

«ታዲያ ሳህኑን እያጠቡ የሚመልሱት ለምንድን ነው?»

መሬት መሬት እያዩ፣ «ከነወጡ ብመልስልሽማ መምጣቱን ትተዪዋለሽ ብዬ ነዋ» አሉኝ።

አልቅሼ ስጨርስ አንዱን ላስቲክ ፈትቼ አሞቅሁና ማስካችንን አውልቀን ከአንድ ትሪ በላን። ያንን ማድረጌ ልክ ይሁን ስህተት ዛሬም አላውቅም። በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው፤ ሌላ በሽታ አልተገኘባቸውም።

አሁን ኪሏቸው ተመልሷል። ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን እንበላለን። ሳህኑን ግን እኔ ነኝ የማጥበው። በሳቸው እጅ የታጠበ ሳህን ሳይ ዛሬም እደነግጣለሁ።