ወላሂ ብዬ የማልኩለት ሃምሳ አለቃ

ባለፈው ወር መካነ ሰላም ላይ ለጥናት መረጃ የሚሰበስቡ ወጣቶች ሲሠለጥኑ «ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ የድሮውን ነገር ይንገሩን» ተብዬ ተጠርቼ ነበር። ጥናቱ ከጦር ሜዳ ተመልሰው ከባድ የአእምሮ ሕመም ስለያዛቸውና ጎዳና ላይ ስለሚኖሩ የቀድሞ ወታደሮች ነው። ልጆቹ የስምምነቱን ቃል ከታብሌት ላይ እያነበቡ ይለማመዱ ነበር። አንዲት ቀጭን ልጅ ተነሥታ «የሚነግሩኝ ሁሉ በምስጢር ይጠበቃል» የሚለውን በአንድ ትንፋሽ አንብባ ወደሚቀጥለው አለፈች። ቀሪውን አልሰማሁም። ልቤ ወደ ኋላ ሄዶ ነበር።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። የቀድሞው ሠራዊት ከተበተነ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ከነርሶች ትምህርት ቤት ወጥቼ ምደባ ስጠብቅ፣ ዶክተር አስናቀ የሚባል የአእምሮ ሐኪም ለእንዲህ ዓይነቱ ጥናት ከአዲስ አበባ መጣና የአገሩን ሰው አነጋገር ታውቃለች ብሎ ቀጠረኝ። ዝምተኛ ሰው ነበር። ሲያዳምጥ አንገቱን ዘንበል ያደርጋል፤ ሰው ንግግሩን ጨርሶ ዝም ካለ በኋላም ትንሽ ይጠብቃል። «ዋናው ነገር የሚመጣው ከዝምታው በኋላ ነው» ይለኝ ነበር። እኔ መጠበቅ የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም።

ሥራውን የጀመርነው ከአቀስታ ነው፤ ወሩ ጥቅምት። አቀስታ ላይ ጠዋት ጠዋት ጣቴ እርሳስ አልጨብጥ ይለኛል። በጥቅምት አንድ አጥንት የሚለው ተረት ለምን እንደተተረተ የገባኝ እዚያ ነው፤ አጥንቱን ግን ማን ሰጥቶን! የባቄላ እሸት እየፈለፈልን፣ ሽሮ ባገኘንበት እየበላን መካነ ሰላም ደረስን።

ሃምሳ አለቃ ሰይድን ያገኘሁት እዚህ፣ ገበያው አጠገብ፣ ከተዘጋ የእህል መጋዘን በረንዳ ላይ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ፀጉሩ ግን ሸብቷል። ያ ወፍራም የወታደር ካፖርት በጠራራ ፀሐይም ከላዩ አይወርድም። ከተማው አልጣለውም ነበር። ዓርብ ዓርብ ሙስሊሞቹ ከሰደቃው ያደርሱታል፣ በበዓል ክርስቲያኖቹ ጠበል ጸዲቅ ይልኩለታል። እሱም በምላሹ በረንዳውንና ፊት ለፊቱን መንገድ በየማለዳው እየጠረገ ያጸዳል። ሁለት ጊዜ ቤት ሰጥተውት ሁለቴም ጥሎ መውጣቱን ግን ሁሉም በመገረም ይናገራል።

ሦስት ቀን እየተመላለስኩ አጠገቡ ከተቀመጥኩ በኋላ ለመጠየቅ ፈቀደልኝ። መጠይቁ ላይ «ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማዎታል ወይ?» የሚል አለ።

«አንቺ አትሰሚም?» አለኝ ገርሞት።

በጦሩ ውስጥ የመገናኛ ሬዲዮ ሠራተኛ ነበር። ጓደኞቹ ተከበው «ድረሱልን» እያሉ ሲጣሩ፣ እሱ ሬዲዮው ላይ ሆኖ «አብሽሩ፣ እየመጣን ነው» ይላቸው ነበር። የደረሰላቸው የለም። ያ ጥሪ አሁንም እየመጣ ነው፤ እሱም እየመለሰ ነው።

«ታዲያ ለምን ቤት አይገቡም? ብርዱ እኮ ይገድልዎታል» አልኩት።

«ጣራ ሥር ከገባሁ ጥሪው አይደርሰኝም። ማን ይመልስላቸዋል?»

ወረቀቴ ላይ «ጎዳና ላይ የሚኖሩበት ምክንያት» በሚለው ሥር የተዘረዘሩ መልሶች ነበሩ፤ ቤት ማጣት፣ ከቤተሰብ መጣላት፣ የመሳሰሉት። የትኛው ላይ ምልክት እንደማደርግ ጠፋኝ። «ሌላ» የሚለው ላይ አደረግሁና ከጎኑ ያለውን ቃል በቃል ጻፍኩ።

ስለ ቤተሰብ ስጠይቀው ካፖርቱን ሰብሰብ አደረገ። እናቱና ዘሃራ የምትባል እህቱ ከላላ አሉ። «እዚህ መሆኔን እንዳይሰሙ» አለኝ። «ሙቷል ይበሉ። እንዲህ ሆኜ ከሚያዩኝ ሞቴ ይሻላቸዋል። ወላሂ በይልኝ።»

ክርስቲያን ነኝ፤ ግን የወሎ ልጅ ነኝና ቃሉ አፌን አላደናቀፈውም። «ወላሂ» አልኩት።

በሳምንቱ በበቅሎ ወደ ከላላ ወረድን። መንገዱ አንድ ቀን ተኩል ወሰደብን። ገብሱ እየታጨደ ነበር፤ አጫጆቹ ማዶ ለማዶ በዘፈን ይቀባበላሉ፣ እኛ ገደሉን ቁልቁል ስንይዝ ድምፃቸው ከላያችን ይቀራል። እንዲህ ያለ የሚያምር መንገድ ነው ለዚያ ነገር የወሰደኝ።

ከላላ ስንደርስ ወሬው ቀድሞን ደርሷል፤ «የወታደሮቹን ጉዳይ የሚያጣሩ ሰዎች መጥተዋል» ተብሏል። በማግስቱ ያረፍንበት ቤት ደጅ በሴቶች ተሞላ። የባላቸውን፣ የልጃቸውን፣ የወንድማቸውን ስም ይዘው ነው የመጡት። ዶክተር አስናቀ የሞተና የተረፈ ዝርዝር እንደሌለን እየደጋገመ ቢያስረዳም የሚሄድ ጠፋ። ከመሀላቸው አንዲት ረጅም ሴት ወደ እኔ መጣች።

«እህቴ፣ ሰይድ አሊ የሚባል መዝግባችኋል? ሬዲዮ ላይ ነበር የሚሠራው።»

«አላውቅም» አልኩ።

«ሙቶም ከሆነ ሙቷል በሉን። እናቴ ታማ ተኝታለች። የልጄን ሞት ሳልሰማ ሰደቃውን አላበላም ብላ ስንት ዓመቷ! እሷም ልትሞት ነው፤ ልቧ እንዲህ እንደተንጠለጠለ እንዳትሞትብኝ ነው።» ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

ሮጬ ለዶክተር አስናቀ ነገርኩት። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማኝ፤ እንደ ልማዱም ትንሽ ቆየ። «ምስጢሩ የእሱ ነው፣ አስካለ» አለኝ። «እናቱ መታመሟን ግን ሊያውቅ ይገባል። ነገ በቅሎ ይዘሽ ተመለሽ፤ ንገሪውና ራሱ ይወስን።»

አሁን ሳስበው ከዚህ የተሻለ ምክር አልነበረም። ያኔ ግን አንድ ቀን ተኩል ለመሄድ፣ አንድ ቀን ተኩል ለመመለስ ብዬ ቆጠርኩ። አሮጊቷ እስከዚያ ብትሞትስ? እሱስ አይሆንም ቢልስ? ወጣሁና ዘሃራን ከአጥሩ ሥር ተቀምጣ አገኘኋት። «በሕይወት አለ» አልኳት። የት እንዳለም ነገርኳት።

እንዴት እንደጮኸች አልረሳውም። እግሬ ላይ ወድቃ «አላህ ያቆይሽ» ስትለኝ፣ አልዋሽም፣ የደግነት ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ደረቴ ሞላ።

ዶክተር አስናቀ ሲሰማ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «እንግዲህ አብረሻት ሂጂ» ብቻ አለ።

መካነ ሰላም ስንገባ ጠዋት ነበር፤ ሃምሳ አለቃ በረንዳውን ይጠርጋል። ዘሃራ ከበቅሎዋ ወርዳ «ሰይዴ!» አለችው። መጥረጊያው ከእጁ ወደቀ። የሚሸሽ መስሎኝ ነበር፤ አልሸሸም። ፊቱን በካፖርቱ እጅጌ ሸፍኖ ባለበት ቁጭ አለ። እሷም አጠገቡ ቁጭ አለች፤ ሳትነካው፣ ስለ እናታቸው ሕመም ቀስ እያለች ነገረችው። በመጨረሻ እጁን ከፊቱ አወረደና ከእሷ አሻግሮ እኔን አየኝ።

«ወላሂ ብለሽኝ ነበር» አለ።

ከዚያ በኋላ አላናገረኝም። ግን በማግስቱ ከእህቱ ጋር ከላላ ሄደ። ሰይድ ቤት እንደማይገባ ለዘሃራ አስቀድሜ ነግሬያት ነበርና፣ እናታቸው ከምትተኛበት በር ፊት ለፊት፣ ግቢው ውስጥ፣ ሰማይ የሚታይበት መኝታ አበጀችለት። ያቺ ልትሞት ነው የተባለች አሮጊት ልጇን በዓይኗ ካየች በኋላ ተነሥታ አራት ዓመት ኖረች።

ዶክተር አስናቀ የሰይድን መጠይቅ ከሌሎቹ ለይቶ አወጣው። «ቃላችንን አፍርሰን ከሰውየው የወሰድነውን አንጠቀምበትም» አለኝ። ለእናቲቱ ደስታ እንኳ ዋጋ አትሰጥም ወይ ብዬ በእልህ ስጠይቀው፣ «ነገሩ ስላማረ ጥፋቱ አይፋቅም» ብሎ መለሰልኝ። ለሃምሳ አለቃ ግን መድኃኒት ሳያዘጋጅ አልሄደም፤ በወር አንድ ጊዜ የሚወጋ መርፌ ነበር።

እንደ ዕድል ሆኖ ምደባዬ ሲመጣ ከላላ ጤና ጣቢያ ሆነ። መርፌውን የምወጋው እኔ ሆንኩ። በየወሩ ከዘሃራ ጋር ይመጣል፤ ክንዱን ይሰጠኛል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ዘሃራ «ጥሪው ራቀ እንጂ አልጠፋም ይላል፤ እንቅልፍ ግን አግኝቷል» ትለኛለች። «እንዴት ከረሙ፣ ሃምሳ አለቃ?» እላለሁ። መልስ የለም። ዝምታውን እየጠበቅሁ መኖር የተማርኩት በዚያ ክፍል ነው።

እናቱ የሞተች ቀን ለቅሶ ሄድኩ። ድንኳኑ ሞልቶ መቀመጫ አጥቼ ቆሜ ሳለሁ፣ ከለቀስተኞቹ ጋር ምንጣፉ ላይ የተቀመጠው ሃምሳ አለቃ ቀና ብሎ አየኝ። ጠጋ ብሎም ቦታ ለቀቀልኝ። ተቀመጥኩ። ብዙ ዓመት ቆይቶ እሱም እዚያው፣ ስሙን በሚያውቁ ሰዎች መሀል ሞተ።

ይህን ሁሉ ለሠልጣኞቹ ነገርኳቸው። ያቺ ቀጭን ልጅ እጇን አወጣች። «ሲስተር፣ ያኔ ባይነግሯትስ ኖሮ? እናትየው ሳታየው ብትሞትስ?»

«አላውቅም፣ ልጄ» አልኳት። «እኔን የሚቆጨኝ እሱን ሳልጠይቅ መቅረቴ ነው።» ራሷን ነቀነቀች፤ ይግባት አይግባት እንጃ። ወደ ቤቴ ስመለስ መንገዱን ሁሉ ጥያቄዋ አብሮኝ ሄደ። ዘሃራ ስላሳዘነችኝ ነው የነገርኳት እያልኩ ስንት ዘመን ለራሴ አወራሁ። እውነቱ ግን ያን ዕለት መሸከም ያቃተኝ የእሷ ለቅሶ አልነበረም፤ አጠገቧ ቆሜ ምስጢሩን ይዤ ዝም ማለቱ ነበር።