ጠያቂ የሚፈታው ፋሻ

እናቴ ሰው ማስቀየም አትችልም። በዚሁ ጠባይዋ እግሯን ልታጣ ነው ብዬ የፈራሁበት ጊዜ ነበር።

ዕድሜዋን ሙሉ ዳቦ ቤት ቆማ ስትሸጥ ነው የኖረችው። ማታ ማታ እግሯ ያብጣል፤ «ድካም ነው» ትለናለች። ከግራ ቁርጭምጭሚቷ በላይ ቁስል ሲወጣባትም ለማንም ሳትናገር የአምፒሲሊን ካፕሱል እየፈታች ትነሰንስበት ነበር። እሷ ነፋስ ስልክ፣ እኔ ብስራተ ገብርኤል። ሩቅ ሆኖብኝ አይደለም የማልጠይቃት፤ ሥራ፣ ልጆች፣ የታክሲ ሰልፍ እያልኩ ነው። ቁስሉን ያወቅሁት ስትነግረኝ ሳይሆን ሲሸተኝ ነው።

ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ እግሯን በደንብ መረመረችና፣ «እማማ፣ የእግርዎ ደም ሥር ደሙን ወደ ላይ መመለስ አቅቶታል። እዚያው ሲጠራቀም ነው ቁስሉ አልድን የሚለው» አለቻት። ከዚያ ተለጣጭ ፋሻ ከጣቶቿ ሥር እስከ ጉልበቷ ጠበቅ አድርጋ ጠቀለለችላት። በየቅዳሜው ራሷ ነርሷ እስክትቀይረው እንዳይፈታ፣ ስትቀመጥም እግሯን ትራስ ላይ እንድትሰቅል አስጠነቀቀቻት።

እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ማመላለስ ጀመርኩ። ሁለት ወር ሙሉ ቁስሉ ንቅንቅ አላለም። እናቴ «ሊቆርጡኝ ነው» እያለች እንቅልፍ አጣች። አንድ ቅዳሜ ነርሷ ፋሻውን አየት አድርጋ፣ «ይሄ እኔ የጠቀለልኩት አይደለም» አለች። እናቴ ወደ ጣራው ማየት ጀመረች።

በሳምንቱ መሀል ሳልነግራት ሄድኩ። ሦስት የእድር ጎረቤቶቿ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቋት መጥተዋል። ፋሻው ወለሉ ላይ ተዘርግቷል፤ እናቴ እግሯን ታሳያለች! «ውይ እኔን!» እያሉ ከንፈር ይመጣሉ። ደሜ ፈላ።

«ሲኒማ ነው እንዴ!» ብዬ ጮህኩባቸው፤ እናቴን የሚያህሉ ሴቶች! ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። አሁንም ሳስበው አፍራለሁ።

«አክብረውኝ መጥተው፣ እስቲ እንየው ሲሉኝ እምቢ ልበል?» አለች እናቴ።

«እግርሽ ሲቆረጥ አክባሪዎችሽ ይሸከሙሻላ!»

አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ።

በማግስቱ ሦስቱንም በየቤታቸው ዞሬ ይቅርታ ጠየቅሁ። ትልቋ፣ «አንቺ ምን አጠፋሽ፣ ልጄ? ማን ነገረን?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ እንደ እሳቸው ያለ ዘበኛ አላየሁም። አዲስ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ቀድመው ይገቡና «ማንም እንዳያስፈታት!» ብለው ትራሱን ያስተካክላሉ።

ቁስሉ መጥበብ ጀመረ። ዳር ዳሩ ቀላ፣ የባቄላ ፍሬ አከለ፣ ከዚያ አንድ ቅዳሜ ነርሷ ፋሻውን ፈትታ ሳቀች። «ጠግጓል፣ እማማ! ተመልሶ እንዳይከፈት ይሄን ተለጣጭ ካልሲ በየቀኑ ያድርጉ። ከእንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ መመላለስ የለም።»

ሰው ፊት እልል አልኩ። እናቴ ግን አንገቷን ደፍታ ጫማዋን አጠለቀች። ታክሲ ውስጥም የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ትጠቀልላለች፣ መልሳ ትፈታለች።

«ምነው እማዬ፣ ደስ አላለሽም?»

«ኧረ ብሎኛል፤ ተመስገን።» በመስኮቱ ትንሽ ወደ ውጭ አየች። «ታዲያ ቅዳሜ አትመጪም ማለት ነዋ?»

«እመጣለሁ እንጂ!» ልላት ፈለግሁ። ግን ቁስሉ ከመውጣቱ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቃት የሄድኩበትን ቀን ለማስታወስ ሞከርኩና አቃተኝ።