አጎቴ የተረከው ክፉ ሰው

ልጅ ሳለሁ የማውቀው ተረተኛ አጎቴ ሰይድ ነበር። ሳዑዲ ታስሮ ከርሞ ሲመለስ ከአንድ ፌስታል ልብስና ከመታሰሩ በፊት ካየው ፊልም በቀር ይዞ የመጣው ነገር አልነበረም። ያኔ ሐይቅ ከተማ መብራት ማታ ማታ ስለሚጠፋ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ግድግዳውን ተደግፎ የዓሣ መረቡን እየጠገነ፣ የማንደጃው ፍም ፊቱን እያቀላው፣ ያንን ፊልም እንደ ተረት ያወራልን ነበር።

ጭምብል ያጠለቀ ጀግና ያለበት ፊልም ነው፤ ጨለማ ከተማ፣ ዝናብ፣ ከጣሪያ ጣሪያ የሚዘል ሰውዬ። አጎቴ ግን ለጀግናው ደንታ አልነበረውም፤ «መጣ፣ ሄደ» ብሎ ያልፈዋል። ነፍሱን የሚሰጠው ለክፉው ሰው ነበር። ትከሻውን ሰበር፣ አንገቱን ቀለስ አድርጎ በዚያ ቀጭን ድምፅ መናገር ሲጀምር እኛ ልጆች እርስ በርስ እንጣበቃለን። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተዋናይ አይቻለሁ፤ እሱን የሚያህል አላየሁም።

በሌላ ጊዜ ዝምተኛ ነው። ስለ እስሩ ሲጠየቅ «አልሐምዱሊላህ፣ አለፈ» ከማለት በቀር ቃል አይወጣውም።

ክፉው ሰው ተይዞ ወለል ላይ የተጣለበት፣ ውሃ ሲለምን ጠባቂዎቹ የሚስቁበት ቦታ ላይ ሲደርስ፣ የአጎቴ እናት፣ አያቴ ማለት ነው፣ መቁጠሪያዋን ሙስበሃዋን አስቀምጣ እጇን ለዱዓ ትዘረጋለች።

«ያ ረቢ፣ ይኼንን የሰው ልጅ አውጣው።»

«ኧረ አያቴ፣ ከተማ ያቃጠለ ሰው እኮ ነው» እንላለን እየሳቅን።

«ቢያቃጥልስ፣ የወለደች እናት አለችው።»

ትልቅ ሰው ዱዓ ሲያደርግ ዝም አይባልምና «አሚን» እንላለን። አገር ሁሉ ጀግናው እንዲያሸንፍ ሲመኝ የኛ ቤት ለወንበዴው አሚን ይላል። በማግስቱም አያቴ «ያንን ልጅ የያዙበትን ንገረን» ብላ ትለምነዋለች፤ እሱም በየማታው ያረዝመዋል።

ክረምቱ ሲወጣ አጎቴ ሳይሰናበተን ዳግም ለስደት በባቲ በኩል ወደ ባሕሩ ሄደ። ጅቡቲ ደረሰ ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፋ።

አድጌ ደሴ ስማር ፊልሙን የጓደኛዬ ስልክ ላይ አገኘሁት። ክፉው ሰው በእርግጥም ድንቅ ነው፤ ብቅ ሲል ጀግናውን ያስረሳል። ውሃ የሚለምንበት ቦታ ግን ብጠብቅ ብጠብቅ የለም። መልሼ አየሁት። ማንንም አልለመነም፤ ታስሮም ራሱ ነበር የሚስቀው።

ቤት ስሄድ ለአያቴ ነገርኳት። አልደነገጠችም።

«አውቃለሁ ልጄ» አለች። «ስለ እስሩ ብጠይቀው ዝም ይላል። በሰው ታሪክ አሳብቦም ቢሆን ካወራው ይወጣለታል፣ እዚሁም ይቀርልኛል ብዬ ነበር።»

አልወጣለትም፤ አልቀረላትምም። ተረት ሰውን ያድናል ሲሉ ስሰማ ዛሬ እጠይቃለሁ፤ እንደዚያ ያለ ተረት፣ እንደዚያ ያለ ተራኪ፣ ማንን አዳነ? አያቴ ዓይኗ ደክሟል፤ ከመግሪብ በኋላ አሁንም እጇን ትዘረጋለች። በሕይወት ላለ የሚደረገውን ዱዓ ታድርግለት ወይስ ለሟች፣ የሚነግራት የለም።