አያ ያልቆረሱት ዳቦ

አያ የምንላቸው የአባቴ ታላቅ ወንድም ካረፉ አርባቸው ወጣ። ከጎንደር በላይ፣ ብርዳማዋ ኮሶዬ ላይ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ የሚስታቸው የስንዴ ዳቦ ቢናፍቃቸው፣ በዕድሜያቸው ሊጥ ነክተው የማያውቁት ገበሬ ራሳቸው መጋገር ጀመሩ። እኔም ከጎንደር እየወጣሁ አብሬያቸው እማር ነበር።

የመጀመሪያው ዳቦ እንደ ድንጋይ ደረቀ። የሚቀጥለው ታቹ አረረና ውስጡ ሊጥ እንደሆነ ቀረ። አንድ ቀን ብርዱ ሊጡን አላስነሳ ሲል፣ የለበሱትን ጋቢ አውልቀው ሸፈኑበት።

"ምነው አያ፣ እርስዎን አይበርድዎትም?" አልኋቸው።

"እኔ እሳት እሞቃለሁ። እሱ ኩፍ ይበል።"

የቱንም ያህል ቢበላሽ አይጥሉትም ነበር። ባርከው ይቆርሱና ቀስ ብለው አኝከው ሲጨርሱ "ትንሽ ቀረው" ይሉኛል። ከዚያ የከፋ ነቀፌታ ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም።

ዛሬ እናቴ ቤት ጋገርሁ። ሊጡ ኩፍ አለ፤ ዳቦው ላዩ ሸጋ ሆኖ ቀላ፤ ሽታው ግቢውን ሞላው። ከአያ ጋር ስንለፋበት የኖርነው ዳቦ ይኸው ወጣ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብዬ ጮኼ አለቀስሁ። ለማን ላሳየው?

እናቴ ቢላዋ ይዛ መጣች።

"ልቁረሰው ልጄ?"

"ተይው እማዬ።"

"እንግዲያ ማን ይባርከው?"

እናቴ ቢላዋውን አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠች። ዳቦው ሳይቆረስ ቀዘቀዘ።